ሰነፏን አታብያት

ጋምቤላ፣ ነሐሴ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ እንዴት ሆነልሽ? በዚያ የሆስፒታል አግዳሚ ላይ ስትውዪ ስታድሪ መክረምሽን ሳስብ የእኔም ወገብ አብሮ ይቆረጣል። እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ። ሆዴ ግን ከእኔ ቀድሞ በር ይገባል። አዋላጇ የእንግዴ ልጁ አሁንም ዝቅ እንዳለ ነው፣ መኪናም ሆነ አውሮፕላን እንዳታስቢ ብላኛለች። በየሳምንቱ ይህንኑ ትነግረኛለች፤ እኔም በየሳምንቱ እንደ አዲስ እጠይቃታለሁ። ዝናቡ አላቋርጥ ብሏል፣ ባሮ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል፣ ሙቀቱ ግን ምንም አልቀነሰም። አንቺ ብርድ ላይ ነሽ፤ ነጠላ ብቻ ደርበሽ እንዳትወጪ አደራ።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ ማን ይጽፋል ትይኛለሽ። በስልክ እንዳልነግርሽ አታስጨርሺኝም። "አይሰማም፣ ኔትወርክ ነው" ትይና ጥርቅም። እኔ የጋምቤላ ሰው ነኝ፤ ኔትወርክ ሲቆራረጥ ድምፁ እንዴት እንደሆነ፣ ሰው ሲዘጋውም እንዴት እንደሆነ ለይቼ አውቃለሁ። ስለዚህ የጎረቤቴ የሪድዋና ባል አብራር፣ ለሱቁ ዕቃ ሊያመጣ ነገ ወደ አዲስ አበባ ስለሚሄድ፣ በእሱ እጅ ልኬልሻለሁ። አድርስልኝ ስለው ዐይኔን ሳያይ ነው እሺ ያለኝ። ወረቀት መሃል ላይ ስለማይዘጋብኝ፣ እባክሽ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

የምጽፍልሽ ስለ ቤዛ ሸረሪቶች ነው። አዎ፣ ልጄ ሆስፒታል ተኝታ ስለ ሸረሪት ሳወራ ያበድኩ ይመስልሻል። ባለፈው "ጋምቤላ ሸረሪት ጠፍቶ ነው በኩባያ የምታረቢው?" ብለሽ ስቀሽብኝ ነበር። ያን ጊዜ እኔም ሳቅሁ። አሁን ግን ነገሩን ከሥሩ ካላወቅሽው ኋላ የምልሽ አይገባሽም፤ ታገሺኝ።

ጣጣው የመጣው አምና መቲ ወንድማችን ጋ ለቡና ለቀማ የሄድን ጊዜ ነው። ቤዛ ከበሰበሰ ግንድ ሥር ጠጉራም ሸረሪት አግኝታ በቆርቆሮ ይዛ መጣች። ሸረሪቷ ነጭ የጥጥ ኳስ የመሰለ ነገር ሆዷ ሥር ታቅፋለች። እኔ ጮህኩ፣ ወንድማችን ጫማውን አወለቀ፣ ቤዛ ደግሞ ቆርቆሮው ላይ ተደፍታ "እናት እኮ ናት!" እያለች አለቀሰች። ልጅቷ ስታለቅስ ማን ይችላታል? ይዘናት ጋምቤላ ገባን። የባዮሎጂ መምህሯ ኩዋኒ አያትና ታራንቱላ ናት አለ፤ ግን ድንክ ዘር፣ አድጋ ጨርሳ እንኳ ከአንድ ብር ሳንቲም እምብዛም የማትበልጥ። ኩዋኒን ታውቂዋለሽ፣ ያ ረጅሙ፣ ሲናገር የማይቸኩለው የአኝዋ ልጅ። "ይሄ ሰው አይጎዳም" አለኝ፤ "ሰው ነው ይሄን የሚጎዳ።"

ጥጡ ሲቀደድ የሰሊጥ ፍሬ የሚያክሉ ግልገሎች ወጡ፤ እናትየዋ ግን ብዙም አልቆየች። ቤዛ አባብላ ከቢሮዬ ያልተነካ የሰገራ መመርመሪያ ኩባያ አስመጣችኝ፤ ክዳኑን በመርፌ በሳስታ፣ እርጥብ አፈር አድርጋ፣ እያንዳንዳቸውን ለየብቻ አስገባቻቸው። አንድ ላይ ከሆኑ ይበላላሉ አለችኝ። ስምም አወጣችላቸው። ሯጯ አለች፣ ቀብራራዋ አለች፣ ጨዋዋ አለች። አንዷ ኩባያዋ ታች አፈር ውስጥ ተቀብራ የምትውል፣ ምግብ አፍንጫዋ ድረስ ካልሄደላት የማትንቀሳቀስ ነበረች። እሷን ሰነፏ አለቻት።

ቤዛን አባቷ ጥዑመልሳን ወደ አንቺ ሊያመጣት ሻንጣ ስናዘጋጅ፣ ስለ ደሟ ሕመም፣ ስለ መርፌው፣ መቼ እመለሳለሁ ብላ አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። ቤቷን አደራ ሰጥታ እንደምትሄድ ሴት አልጋው ላይ ተቀምጣ ያዘዘችኝ ስለ ሸረሪቶቿ ብቻ ነበር። አስጠናችኝ፤ ከዚያ ደግሞ ፈተነችኝ። የበሰበሰ ማንጎ በሳህን ታስቀምጫለሽ፣ የሚሰበሰበውን ትንኝ በብርጭቆ ትከድኚያለሽ፣ ፍሪጅ ውስጥ ሲደነዝዝ በወረንጦ አንስተሽ ትሰጫለሽ። ትንኝ ካልተገኘ የምስጥ ሆድ ቆርጠሽ። ከእሷ የሚበልጥ ነገር አይሰጣትም፤ የተረፈው በማግሥቱ ይወጣል፣ አለዚያ ይሻግታል። መብላት ካቆመችና ሆዷ ጠቁሮ ካብለጨለጨ ልብስ ልትቀይር ነው፤ ቆዳ መቀየሩን ቤዛ ልብስ ነው የምትለው። ያን ጊዜ ምንም እንዳትሰጫት፤ ተንጋላ አቅም ባጣችበት ሰዓት ምግቧ ዞሮ እሷኑ ይበላታል። ተንጋላ ብታያትም ሞተች ብለሽ አትንኪያት። የሞተች እግሯን ወደ ውስጥ ታጥፋለች፣ የምትቀይር ትዘረጋለች። ከቀየረች በኋላም ጥርሷ ነጭ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ እስኪጠቁር ድረስ ምግብ የለም።

በረሮ አይታ ወንበር ላይ የምትወጣው እህትሽ ይህን ሁሉ አደረገች። አንዳንዱን ቀን ወረንጦውን ይዤ ቆሜ ያቅለሸልሸኝ ነበር፤ ከእርግዝናው ይሁን ከትንኙ አላውቅም። ከሥራ ስገባ ቤዛ ትደውላለች። ራሷን እንዴት እንደሆነች ስጠይቃት "ደህና" ትልና በየተራ፣ በየስማቸው ትጠይቀኛለች። ጸጉሯ መርገፍ የጀመረ ሰሞን "እኔም ልብስ እየቀየርኩ ነው" ብላኝ ሳቀች። እኔ ስልኩን ዘግቼ እንዴት እንዳለቀስኩ ለአንቺም አልነገርኩሽ።

ሐምሌ ላይ ጉንዳን ቤታችንን ወረረው። የዝናብ ጊዜ የጋምቤላ ጉንዳን ምን እንደሆነ አታውቂም፤ አልጋ ለቅቆ መውጣት ነው። አንድ ጠዋት ስነሳ የጨዋዋ ኩባያ ውስጥ ከእግር በቀር የተረፈ አልነበረም። ያን ጊዜ ሌላ ነገር አላሰብኩም። እኔ ማነኝ? የወባ ባለሙያ ነኝ። በየሰፈሩ እየዞርኩ፣ ጀዊ የስደተኞች መጠለያ ድረስ እየሄድኩ በአስተርጓሚ "የምትወዱትን አጎበር ሥር አስተኙ" ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። አፌም እጄም ለምዶታል። ከነፕላስቲኩ ያለ አዲስ አጎበር ነበረኝ፤ ቀደድኩና አልጋዬ ላይ ሰቀልኩት። የኩባያዎቹን ትሪ ከጎኔ አድርጌ የአጎበሩን ጫፍ ፍራሹ ሥር አጥብቄ ወሸቅሁት። ጨርቁ ዝቅ ብሎ ኩባያዎቹ ክዳን ላይ ይተኛ ነበር። እኔ፣ ሆዴና የልጄ ሸረሪቶች እንደ አንድ ቤተሰብ አንድ አጎበር ሥር ሰነበትን። ጉንዳን ድርሽ አላለም። ኮርቼ ነበር፣ እህቴ። ቤዛ ስትመጣ የማወራላትን ሳይቀር አስቤ ነበር።

ከዚያ መብላት አቆሙ። ሯጯ ትንኙ አጠገቧ ሲሄድ ዝም ብላ አየችው። ቀብራራዋም እንዲሁ። እኔ ደስ አለኝ! የተማርኩት ነዋ፤ መብላት ካቆሙ ልብስ ሊቀይሩ ነው። ለቤዛ ደውዬ ሁሉም ሊቀይሩ ነው አልኳት። "ሁሉም? ባንዴ?" አለች። ከዚያ "እሺ፣ አትንኪያቸው" አለችኝ። አልነካኋቸውም። ከአጎበሩ ሥር ሳላወጣ ጠበቅሁ። በዚያው ሰሞን አንቺ ቤዛ ምግብ እንቢ እንዳለች ነገርሽኝ፤ መድኃኒቱ ነው አፏን የዘጋው፣ ሲወጣላት ትበላለች አልሽ። ያንንም አመንኩ። ሁለታችንም እንቢታውን በደጉ ነበር የፈታነው።

ኩዋኒ ሊጠይቀኝ የመጣ ቀን ትሪውን ላሳየው ወደ መኝታ ቤት አስገባሁት። አልገባም፤ በሩ ላይ ቆሞ አጎበሩን አየው። ቀረበና ጨርቁን በሁለት ጣቱ ይዞ አሸተተው። "ይሄ መድኃኒት ያለው ነው?" አለኝ። "አዎ፣ አዲስ ነው" አልኩት። ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ ገባኝ። አንቺ አጎበር ጨርቅ ብቻ ይመስልሻል፤ ጨርቁ በመድኃኒት የተነከረ ነው፣ የነካውን ነፍሳት ይገድላል። ይህን እኔ ነኝ የማስተምረው! አዲሱን አጎበር ከፕላስቲኩ ስታወጡ መጀመሪያ ቀኑን ሙሉ ጥላ ላይ አናፍሱት ብዬ ስንቱን እናት ተቆጥቻለሁ? ጉንዳኑን ፈርቼ፣ የምወደውን አጎበር ሥር አስተኝቼ፣ በገዛ እጄ መርዝ ሥር አስቀመጥኳቸው። ኩዋኒ ኩባያዎቹን አንድ በአንድ ወደ መስኮት እያነሳ አየ። እግራቸው ወደ ውስጥ ታጥፏል። ኩባያዎቹን መልሶ ትሪው ላይ ደረደረልኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የተረፈችው ሰነፏ ብቻ ናት። ታች አፈሯ ውስጥ ተቀብራ፣ ወደ ክዳኑ ወጥታ ስለማታውቅ ስንፍናዋ አዳናት። ኩባያዋን ወጥ ቤት ወስጄ በርጩማ ላይ አስቀመጥኳት፤ ጉንዳን እንዳይወጣባት የበርጩማውን እግሮች ውሃ በሞላ ጣሳ ውስጥ አቆምኳቸው። ይህ ከመጀመሪያው ሊታየኝ ይችል ነበር፤ ማንኛዋም የጋምቤላ ሴት ለስኳሯ የምታደርገው ነው።

ለቤዛ ግን አልነገርኳትም። እንዴት ብዬ? ያን ጊዜ ድምፅዋ መቅጠን ጀምሮ ነበር። በደወለች ቁጥር እፈጥርላታለሁ። ሯጯ ዛሬ ትንኙን ሦስቴ ዞራ ነው የያዘችው፣ ቀብራራዋ ልብሷን ቀይራ ክዳኑ ላይ ወጥታ ቁጭ ብላለች፣ እግሯ ላይ ወርቃማ ጸጉር አውጥታለች እያልኩ። የጣለችውን ልብስ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ ስትለኝ አምና ያነሳሁትን ላክሁ። ወዲያው ደወለች። "እማዬ፣ ይሄ የድሮው ነው" አለች። "አንቺ እውነት ስታወሪ አጭር ነው፤ ስትዋሺ ታስረዝሚያለሽ" አለችኝ። ከዚያ ማልቀሴን ሰማችና እሷ እኔን ታባብለኝ ጀመር። አጎበሩን ስነግራት "ለእኔ ብለሽ እኮ ነው" አለች። ግን ተቆጣችኝም። እናታቸው እኔ ነኝ፣ እናት አይደበቅባትም አለችኝ። ለማንም እንዳልነግር፣ በተለይ ለአንቺ እንዳልነግር አስማለችኝ፤ አክስቴ ታዝንልኛለች፣ አሁን ራሱ በየኮሪደሩ ነው የምታለቅሰው አለች። ስለዚህ አንቺ ይህን ሁሉ አታውቂም። ሸረሪቶቹ ሁሉ እንዳሉ ነው የምታውቂው።

የመጨረሻ ያወራን ዕለት ድምፅዋን ለመስማት ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ነበር። "ሰነፏ ሆዷ ጠቁሯል?" አለችኝ። አዎ አልኳት። "ትበላለች?" አትበላም አልኳት። "አጭር መለስሽ" ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ሳል ተቀየረባት። ከዚያ "እንግዲህ ሰነፏን አታብያት፤ ውሃ ጠብ አድርጊላትና ተያት። ጥርሷ እስኪጠቁር ድረስ አታብያት፣ እሺ?" አለችኝ። እሺ አልኳት። ከዚያ ወዲህ ድምፅዋን አልሰማሁም።

በደወልኩ ቁጥር ተኝታለች ትይኛለሽ። ጠዋትም ተኝታለች፣ ከሰዓትም ተኝታለች። ይሁን፣ መድኃኒቱ ያስተኛል። ጥዑመልሳን ስልኩን ሲያነሳ ድምፁ ዘግቷል፤ ጉንፋን ነው ይለኛል። እንዲህ ያለ የማይለቅ ጉንፋን አይቼ አላውቅም። ትናንት ግን አንቺ ራስሽ ደወልሽ፤ ሳልጠይቅሽ ማውራት ጀመርሽ። ዛሬ የዶሮ ሾርባ ጠጣች አልሽኝ፤ ትኩስ ነው ብላ እፍ እያለች። ከዚያ ብርቱካን አለች፣ ላጥኩላት፣ ግማሹን በላች፣ ፍሬውን እጄ ላይ ተፋችው። ከነርሷ ጋር ተሳሳቁ፣ ሰማያዊ ሹራቧን ልበሱልኝ አለች፣ ሰፍቷታል፣ ግን አምሮባታል። እህቴ፣ እኔ ስለ ቀብራራዋ ወርቃማ ጸጉር ሳወራ እንዲህ ነበር የማወራው።

መጨረሻ ላይ ደግሞ ቤዛ መልእክት ልካልሻለች አልሽኝ። "ሸረሪቶቼን በሙሉ በደንብ አብያቸው በያት" አለች አልሽ።

ቤዛ እንዲህ አትልም።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ወጥ ቤት ገብቼ ሰነፏን አየኋት። ከበርጩማው አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ሪድዋና ናት ደግፋ ያነሳችኝ። ሪድዋና ከሰሞኑ ከአጠገቤ አልጠፋም ብላለች፤ ለእርግዝናሽ ነው ትለኛለች። ከሱቃቸው ያ ጆሮ የሚበሳ ድምፅ ማጉያ ተዘግቷል። ዐይኗ ሲቀላ ሽንኩርት ስከትፍ ነው ትላለች፤ ሽንኩርት ስትከትፍ አላየኋትም። ወንድማችን ከመቲ መጥቷል። ምን እግር ጣለህ ስለው ለቡና ገበያ ነው አለኝ፤ በነሐሴ! ጢሙን አልተላጨም፣ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ይውላል፣ ስለ ቤዛ አንድም ነገር አይጠይቀኝም። ኩዋኒም መጥቶ ነበር። እሱ ገና ከበር ሳይገባ "ቤዛ እንዴት ናት?" የሚል ሰው ነው። ትናንት ግን እጄን በሁለት እጁ ይዞ ቆየና ሄደ። የእኔ ሰፈር ሰው እኔን ሲያይ ድምፁን ይቀንሳል። ልጆች እንኳ በሬ ላይ ኳስ መጫወት ተከልክለዋል።

ሪድዋናን እጇን ይዤ ንገሪኝ አልኳት። "ሆድሽን አስቢ እህቴ፣ ሆድሽን አስቢ" አለችኝ፣ ሌላ ቃል የላትም። ሁለተኛ አልጠየቅኋትም። ለምን አልጠየቅሽም ብትይኝ፣ ፈርቼ ነው። እስካልጠየቅሁ ድረስ ተኝታለች። ወንድማችንን ይዤ ልጮህበት እችላለሁ፣ ጥዑመልሳንን በቤዛ ስም ላስምለው እችላለሁ። አላደርገውም። እጄ ሆዴ ላይ ነው፤ ውስጤ ያለው ይራገጣል፣ እኔ እዚህ ነኝ ይለኛል። እሱን ይዤ የት ልሂድ? ጨነቀኝ እህቴ። መሬቱ ጠበበኝ። አየር ማረፊያ ድረስ ልሄድ ባጃጅ አስቁሜ ነበር፤ ሪድዋና በባዶ እግሯ ሮጣ ደረሰችብኝና ባጃጁ ውስጥ አብራኝ ገብታ አለቀሰች። ሹፌሩ ሳይጠየቅ አዞረው። እሱም ያውቃል ማለት ነው።

ዛሬ ጠዋት የሆነውን ልንገርሽና ላብቃ። ወንድማችን ውሃ ሊጠጣ ወጥ ቤት ገባ። ኩባያዋን አንስቶ አየና "ይቺ እኮ ሞታለች፣ ልጣላት?" አለኝ። ተንጋላለች፣ ጀርባዋ ላይ። እንዴት እንደጮህኩ አልነግርሽም። "አልሞተችም! አስቀምጣት! አልሞተችም!" እያልኩ ደረቱን በቡጢ መታሁት። ያ ትልቅ ሰውዬ ኩባያዋን መልሶ አስቀመጠና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሪድዋና በሻርፗ አፏን ይዛ ወደ ውጭ ሮጠች። እነሱ ስለ ሸረሪት የሚያለቅሱ ሰዎች አይደሉም።

እኔ ግን እግሯን አየሁ። ተዘርግቷል።

ከበርጩማው አጠገብ ተቀመጥኩ። ማንም እንዳይናገር፣ ማንም በሩን እንዳይዘጋ አልኩ። አልነካኋትም። ማየት ብቻ ነበር። ብዙ ቆየ፤ የተንቀሳቀሰ ነገር አልነበረም፣ ይኸው ቀረች እያልኩ ልቤ እስኪፈርስ ድረስ። ከዚያ ደረቷ ላይ ቆዳው ተሰነጠቀ። እግሮቿን ከአሮጌ ልብሷ ውስጥ እየጎተተች ማውጣት ጀመረች፤ ሁሉንም ባንዴ፣ ትንሽ ሳብ፣ ትንሽ ዕረፍት። ጣር ይመስላል። ልረዳት እጄ ተዘረጋ፤ ቤዛ የተናገረችው ትዝ አለኝና መልሼ ሰበሰብኩት። ወጣች። ነጣ ብላ፣ እርጥብ ሆና፣ ከአሮጌው ልብሷ አጠገብ ተጋደመች። ሰነፍ ናትና ለመገልበጥም ጊዜ ወሰደች። ከዚያ ተነስታ ቆመች።

ስልኬን አንስቼ የቤዛን ቁጥር ልደውል ነበር። እጄ መሃል ላይ ቆመ። የጣለችውን ልብስ ፎቶ አንስቻለሁ፤ ይሄ አዲሱ ነው፣ የድሮው አይደለም። የምልክለት ግን አጣሁ።

አንቺን አልቀየምሽም። ለእኔ ብለሽ ነው። እኔም ለእሷ ብዬ ነበር። ግን ልጄ የነገረችኝን እኔም እነግርሻለሁ፤ እናት አይደበቅባትም። ሁለት ነገር እለምንሻለሁ። ያን ሰማያዊ ሹራቧን እንዳታጥቢው። ማንም እንዳያጥበው። እንዳለ በፌስታል ጠቅልለሽ፣ አፉን አጥብቀሽ ቋጥረሽ አምጪልኝ።

ሁለተኛው፣ ስትመጡ በማለዳ አትምጡ። ሰው ሰብስባችሁ፣ ጎህ ሳይቀድ በሬን እንዳታንኳኩ። ሰፈሩንም እንዲሁ በዪልኝ፤ ሪድዋና የምትሰማሽ ከሆነ ለእሷ ደውዪ። በጠራራ ፀሐይ፣ አንቺና ጥዑመልሳን ብቻችሁን ግቡ። በሩን ገርበብ አድርጌ እጠብቃችኋለሁ። ምንም እንድትናገሩ አልፈልግም። ውሃ ትጠጣላችሁ፣ ከዚያ ወጥ ቤት ወስጄ ሰነፏን አሳያችኋለሁ።

እጇን ይዘሽ ስለቆየሽልኝ ፈጣሪ እጅሽን ይባርክ። እኔ የምሆነውን ሆነሽላታል። ያፈሰስሽውን እንባ በልጆችሽ ደስታ ይካስሽ፣ ክፉ አያሰማሽ። ለጥዑመልሳን ጉንፋኑን ይማርህ ብላለች በዪው። በመንገድ ሰላም ግቡልኝ።

ሰነፏ ጥርሷ ገና ነጭ ነው። እንዳለችኝ አላበላኋትም።

ታናሽ እህትሽ፣
የቤዛ እናት